ዝናብ የማይልጠው ወረቀት

ረቡዕ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1959 ዓ.ም.

ዘይታችንን የሚሸጡልን ሐጂ ሰይድ ዛሬ አሥራ አንድ ጠርሙስ ዘይት መለሱ። በአንዱም ላይ የስም ወረቀት የለም።

ጠርሙሶቹ ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭነው ሉማሜ ሄደው ነበር። ሐጂ እዚያ ለሚገኝ አንድ ሱቅ ያከፋፍላሉ። መንገድ ላይ ዝናብ መታቸው፤ ወረቀቱ ተላጠ። በዚያው ሳጥን ውስጥ የአንድ የአማኑኤል ከተማ ነጋዴ ዘይትም ነበረበት። አንዲት ገዢ "ሸቷል" ብላ አንዱን መለሰች። የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። የሉማሜው ባለሱቅም ሁሉንም ሰብስቦ ላከው።

እህቴ የሽመቤት ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች አሸተተች። አሥሩ የራሷ ናቸው፤ አንዱ አይደለም። የሸተተው ያ አንዱ ነው። "ይኸው" ብላ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። እኔ አመንኳት። የእኔ ማመን ሉማሜ አይደርስም።

ሐጂ ያሉት ይህ ነው፦ "የሷን ዘይት እኔ በሽታው አውቀዋለሁ፤ ገዢው ግን ከየት ይወቀው? ፍልሰታ ሊገባ ነው። እስከ ሐምሌ 29 ቅዳሜ ዝናብ የማያነሳው ስም ለጥፋችሁ አምጡ፤ መደርደሪያው የሷ ነው። ካልሆነ ከአማኑኤሉ ሰው ጋር እጨርሳለሁ። እሱ ወረቀቱን አዲስ አበባ ሊያሳትም ነው።"

የሽመቤት ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው በኑግ ነው። ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ በሙቅ ውሃ ታሻለች፣ የሚንሳፈፈውን ትቀዳለች፣ ታፈላለች። ከዓቢይ ጾም ቀጥሎ ዘይት የሚፈለገው በፍልሰታ ነው። ቤት ውስጥ ያላትን ኑግ በሙሉ ለዚህ ጾም ጨምቃዋለች።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኮፒያ እርሳስ ነው የጻፍኩት፤ ውሃ ሲነካው ወይን ጠጅ በሚሆነው። አዲስ አበባ ጋዜጣ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 20

ጠዋት ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ማመልከቻ የሚያጽፍ ሁለት ሰው ብቻ መጣ። ሌላውን ዝናቡ አስቀረው። የጽሕፈት መኪናዬን በላስቲክ ጠቅልዬ በጊዜ ወደ ቤት ገባሁ።

የመኪናው ቀለም ዘይትነት አለው። ውሃ ቢነካውም አይፈስም። አንድ ችግር ተፈታ ማለት ነው። ይህን ጻፍኩ፦

የጾም ዘይት
ንጹሕ ኑግ
የሽመቤት አለማየሁ
ደብረ ማርቆስ

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ በመጨረሻም ፊደል በፊደል። ስሕተት የለበትም።

ዛሬ የሞከርኩት፦

በስንዴ ዱቄት ሙጫ ብቻ ለጠፍኩ። ከጣራው ፍሳሽ ሥር አስቀመጥኩት። ምሳ በልቼ ሳልጨርስ ወረቀቱ ጠርሙሱ እግር ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ።

ሙጫውን አወፈርኩት። ትንሽ ቆየ። ከዚያም ወደቀ።

ወረቀቱን አስቀድሜ በሻማ አሸሁት። ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ይንከባለላል። ደስ አለኝ። ሙጫ ስቀባው ግን ሙጫውም ተንከባለለ። ሰም የነካው ወረቀት በምንም አይለጠፍም። ሰም አይሆንም ብዬ ሰረዝኩ።

የሽመቤት በበሩ አልፋ ስትሄድ አየችኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ዘይቱን ከመሸጥ ወረቀቱን መሸጥ ይቀላል እንዴ?" አለች። አልሳቀችም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 21

አናጺው ዘንድ ሄጄ ቫርኒሽ ጠየቅሁ። አለ። አንዷ ጣሳ የምትፈልገውን ገንዘብ ሰምቼ ጣሳዋን በሁለት እጄ መልሼ አስቀመጥኳት። "ለአልጋ ነው ወይስ ለቁም ሣጥን?" አለኝ። "ለጠርሙስ" አልኩት። ልጁን ከጓሮ ጠርቶ እንደገና እንድነግረው አደረገኝ።

እንግዲያው ቤት ውስጥ ባለው። የኑግ ዘይት ራሱ ሲፈላና ሲቆይ እንደሚደርቅ ከማተሚያ ቤት ሰዎች ሰምቻለሁ። አፈላሁት። በተለጠፈው ወረቀት ላይ ቀባሁት።

ወረቀቱ እንደ መስኮት ሆነ። ከፊደሉ በስተጀርባ ዘይቱ ይታያል፤ ስሟን ለማንበብ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ማዞር ያስፈልጋል። በበጋ ቢሆን በሦስት ቀን ይደርቅ ይሆናል። በሐምሌ ግን ምንም አይደርቅም። አሁንም ያጣብቃል። ሁለት ዝንብና የጤፍ ገለባ ተለጥፎበታል።

ቆጠርኩ፤ ስምንት ቀን ቀርቷል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 22

ገበያ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። የአማኑኤሉን ሰው አየሁት። ረጅም ነው፤ ጃንጥላ ይዟል። ሐጂ ሱቅ ገብቶ ብዙ ቆየ። እኔ ማዶ ባለው ሱቅ ደጃፍ ጨው የምገዛ መስዬ ቆምኩ። ጨው ቤት ውስጥ ሞልቷል። ገዛሁ።

ሲወጣ ሰላም አለኝ። ማን መሆኔን አያውቅም። ትሑት ሰው ይመስላል። እንዲያ ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 24

የሽመቤት ይጁቤ ሄደች። አክስታችን ቤት ሁለት ኩንታል ኑግ ተቀምጦላታል፤ በአህያ አስጭና ነገ ትመለሳለች። ስትወጣ "ወረቀቱን አደራ" አለችኝ።

ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጋዜጣ ቤት ከምድር ቤቱ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ነበረ። ሽፋኑን ሲጨርስ የእንቁላል ነጩን መትቶ በላባ ይቀባዋል። ሲደርቅ ያበራል፤ እጅ ቢነካው አያድፍም። "የድኻ ቫርኒሽ ነው" ይለኝ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጠጅ ትሸጣለች፤ ዶሮም ታረባለች። ስድስት እንቁላል ወሰድኩ። "ጋሽ ታፈረ፣ እንግዳ መጣብህ?" አለች። "የለም፤ ነጩን ነው የምፈልገው" አልኳት። "ሰው ሲማር አስኳሉን ነው የሚተወው?" አለችና ስቃ ላባውን ራሷ ነቅላ ሰጠችኝ።

ነጩን መትቼ አረፋውን ገፈፍኩ። ሁለት ጊዜ ቀባሁ፤ በመካከሉ ምድጃ አጠገብ አደረቅሁ። ሲያልቅ ወረቀቱ እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። አንዱን ጠርሙስ ከፍሳሹ ሥር አቆምኩት።

አስኳሉን ጠብሼ በላሁ። ስድስቱንም። ሆዴ እስካሁን አልተመቸውም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 25

ጠዋት ከአልጋ እንደወረድኩ ወደ ፍሳሹ ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ወረቀቱ ቦታው ላይ ነው። አንደኛው ጠርዝ ብቻ ትንሽ ተነስቷል። ስሟ ይነበባል።

ቀኑን ሙሉ ስሠራ ዋልኩ። ሃያ አራት ጠርሙስ።

የሽመቤት ማታ ገባች፤ አህያዋም እሷም ጭቃ ለብሰዋል። ጠርሙሶቹን ደርድሬ አሳየኋት። አንዱን አነሳች፤ ወረቀቱን በጥፍሯ ሞከረችው፤ ከእንስራው ውሃ አፈሰሰችበት። ውሃው ወርዶ ሄደ።

"በምን ሠራኸው?"

"የመጽሐፍ ጠራዥ ሙያ ነው" አልኩ።

ዝርዝሩን ልነግራት ነበር። እሷ ግን ስለ መንገዱ ጀመረች፤ አህያዋ ወንዝ ላይ እንዴት እንደቆመችባት፣ አክስታችን ዓይናቸው እንዴት እንደደከመ። እጅዋን ታጥባ ከመተኛቷ በፊት ተመልሳ መጥታ አንዴ አየቻቸው። ይህን ሳየው ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 26

ሃያ አራቱንም አስረከብን። ሐጂ ሰይድ አንዱን ጠርሙስ ይዘው ወደ ደጅ ወጡ፤ ከሱቃቸው ጣራ የሚወርደው ውሃ ሥር ያዙት። እጅጌያቸው ራሰ። ቆመው ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። ከዚያ ገብተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"አለማየሁ የሚለው ጠፍቷል?" አሉ፤ መነጽራቸውን አላደረጉም።

"አልጠፋም" አልኩ።

"እንግዲያው መደርደሪያው የናንተ ነው።"

ጠርሙሶቹን ከፊት ደረደሩ። የአማኑኤሉን ሰው ዘይት ወደ ጎን ገፉት። የሽመቤት እስክንወጣ ድረስ አልፈገገችም፤ ከወጣን በኋላም የፈገገችው ወደ ግድግዳው ዞራ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 27

ሐጂ ሰው ልከው አስጠሩኝ። እኔን ብቻ።

ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። ተቀመጡ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። አንዱን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አቆሙት።

"አቶ ታፈረ፣ ይህን በምን አወዙት?"

"በእንቁላል ነጩ" አልኩ። የኩራት ድምፅ ነበረኝ። አሁን ስጽፈው እንኳ ይሰማኛል።

ጠርሙሱን ወደ እኔ አዞሩት።

"መነጽሬን አላመጣሁም። የላይኛውን መስመር ያንብቡልኝ።"

አነበብኩ፦ የጾም ዘይት።

"እኔ እስላም ነኝ፤ አያገባኝም ልል እችላለሁ" አሉ። "ግን ስንት ዓመት ሙሉ ለጾመኛ ዘይት ስሸጥ ኖሬአለሁ። ገዢዋ ዘይቱን ስትቀዳ ይንጠባጠባል። ጠብታው በወረቀቱ ላይ ይወርዳል። በጣቷ ትጠርገውና ጣቷን ድስቱ ላይ ታራግፈዋለች። ይህን እኔ ሳውቅ እርስዎ አያውቁም?"

አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። እናቴ እንዲሁ ስታደርግ አድጌአለሁ።

"ማንም አልሰማም" አሉ፤ "እኔም ለማንም አልናገርም። ሳውቅ ግን አልሸጠውም።"

ጠርሙሶቹን ሁሉ አውርደው ከባንኮኒው ሥር አድርገዋቸዋል። ቆጠርን። ሃያ ሦስት። አንዱን ጠዋት እማሆይ ወለተ ማርያም ገዝተዋል፤ እኔን ከማስጠራታቸው በፊት። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች ምን ዘይት እንደሚገዙ፣ መቼ ምን እንደሚበሉ፣ እሳቸውን አይተው ነው።

የሐጂን ጥርጣሬ ያነሳሳው ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። እትዬ ብርቄ ትናንት ለጨው መጥታ "ያ ጋሽ ታፈረ ስድስት እንቁላል ወስዶ ነጩን ብቻ ፈለገው" እያለች ስትስቅ ሰምተዋታል። ለምን እንደፈለግሁት እሷ አታውቅም። ሐጂ ግን ጠርሙሱን አዩ፤ ነገሩን አገጣጠሙት።

ለየሽመቤት ዛሬ አልነገርኳትም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። ሦስት ጊዜ ያነበብኩትን አራት መስመር እያሰብኩ ነው። ፊደሉን ነበር ያነበብኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 28

ጠዋት ነገርኳት።

ትወቅጥ ነበር። ዘነዘናውን ከሙቀጫው ሳታወጣ ቆመች።

"ወንድም ጋሼ፣ አዲስ አበባ ስንት ዓመት ነበርክ?"

"ሃያ ሁለት።"

"እዚያ ረቡዕና ዓርብ የለም?"

ተመልሳ መውቀጥ ጀመረች። ከበፊቱ በኃይል። እየወቀጠች፣ "ስሜን ከእንቁላል ጋር ለጠፍከው" አለች። ያንን ያለችበት ድምፅ ሰላምታ እንደ መስጠት ያለ ነው፤ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ጠርሙሶቹን ከሐጂ አመጣሁ፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ። ወረቀቱን ልልጥ ተቀመጥኩ። በቶሎ ይለቃል ብዬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። አልለቀቀም። ይልቁንም ነጭ ሆኖ ረጋ፤ እንደ ቅርፊት ያዘ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ የማይበግረው ወረቀት የሠራሁት ላነሳው በፈለግሁበት ቀን ነው።

የሽመቤት ከበሩ አየችኝ። "እንቁላል በፈላ ውሃ ምን እንደሚሆን ለአንተ ልንገርህ?" አለች። ከዚያ፣ ሳላስበው፣ ሳቀች። "የተቀቀለ ወረቀት" አለች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

"አግዢኝ" አልኳት።

"ዛሬ ዓርብ ነው። እንቁላልህን አንተው ላጠው።"

በቀዝቃዛ ውሃና በአመድ ፈተግሁት። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ጥፍሬ አንድ ጊዜ ተሰበረ ማለት ይቻላል። ወደ ማታ ሃያ ሦስቱም ጠርሙስ ራቁቱን ቆመ። እሷ እንደገና በራሷ አመድ ደግማ አጠበቻቸው። ቡሹ ስላልተከፈተ ዘይቱ ንጹሕ ነው። ስለ እሱ ሁለታችንም ጥርጥር የለንም።

ስለ እማሆይ ጠርሙስ አልተነጋገርንም። ሁለታችንም እያሰብነው ነው።

ቀጠሮው ነገ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 29

ጠዋት ገና ሳይነጋጋ የሽመቤት ከምድጃው አጠገብ አገኘችኝ። በጉልበቴ ላይ ወረቀት፣ በእጄ ሙጫ፤ ምንም አልሠራም።

"ሰምስ?" አለች።

"ሞክሬዋለሁ። ሰም የነካው ወረቀት አይለጠፍም።"

"ከተለጠፈ በኋላስ?"

ያቺን ጥያቄ እዚህ ጽፌአታለሁ፤ እንዳልረሳት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልጠየቅሁም።

እትዬ ብርቄ ዘንድ ሮጥኩ። ጠጅ ስትጥል የምታወጣው የማር ሰፈፍ ከጓሮዋ ተከምሯል። "አሁን ደግሞ ሰፈፍ? ጋሽ ታፈረ፣ ዶሮ ነው የምታረባው ንብ?" አለች። ነገሩን በሙሉ ነገርኳት፤ ሐጂ የሰሙትንም። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሰፈፉን በሁለት ቅርጫት ሞልታ ራሷ ተሸክማ መጣች፤ የሽመቤትንም ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። የሽመቤት "ግቢ፣ እሳት አንድጂልን" አለቻት። በዚያ አለቀ።

ሰፈፉን ከውሃ ጋር አፈላነው፤ በጨርቅ አጠለልነው፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ረጋ። ማሩ እንዳይቀርበት አንድ ጊዜ ደግመን አፈላነው። እንዲያ ካልሆነ ጉንዳን ይጎትታል፤ ይህን ያወቀችው ብርቄ ናት።

አሠራሩ፣ ለሌላ ጊዜ እንዲያገለግል፦

ወረቀቱን በስንዴ ሙጫ ለጥፎ ምድጃ አጠገብ በደንብ ማድረቅ። እርጥበት ካለው ሰሙ ይዘጋበትና ከውስጥ ይሻግታል።

ጠርሙሱን ለብ እስኪል ማሞቅ፤ ብዙ አይደለም፤ አንዱን አፈነዳሁ።

ሰሙን በጨርቅ ቋጥሮ በወረቀቱ ላይ ማሸት። በጋለ ማንኪያ ጀርባ መዳመጥ። ሰሙ ወደ ወረቀቱ ሲገባ ይታያል፤ ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል፤ ፊደሉ ግን ይደምቃል።

ዋናው ጠርዙ ነው። ውሃ በፊት ለፊት አይገባም፤ በጠርዝ ነው የሚገባው። ሰሙ ከወረቀቱ አልፎ አንድ ጣት ያህል መስተዋቱን መያዝ አለበት። የእንቁላሉም ወረቀት የተነሳው በጠርዙ ነበር፤ አይቼ አልፌዋለሁ።

ሰም ለጾም ምንም እንዳልሆነ የሽመቤት ሦስት ጊዜ አሰበችበት። "ጧፍ ምንድነው ታዲያ? ቤተ መቅደስ ገብቶ ይበራል" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሃያ ሁለት ጠርሙስ ይዘን ሐጂ ዘንድ ደረስን። የአማኑኤሉ ሰው እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ ጃንጥላው ከበሩ ጥግ ይንጠባጠባል። ሐጂ እንደገና ወደ ደጅ ወጡ፤ እንደገና ፍሳሹ ሥር ያዙት። በዚህ ጊዜ በአውራ ጣታቸው እየፈተጉ። ሲገቡ ጠርሙሱን ለአማኑኤሉ ሰው ሰጡት። ሰውዬው አገላብጦ አየው፤ አሸተተው።

"ሰም ነው" አለ።

"ሰም ነው" አለች የሽመቤት።

"የኔ ህትመት አልደረሰም" አለና መለሰላት። ሐጂ ጠርሙሶቹን መደርደሪያው ላይ አወጡ።

የሽመቤት ግን አልተነሳችም። "ሐጂ፣ ያቺን አንዷን ለእማሆይ ራሴ ነው የምነግራቸው" አለች። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ባትነግሪያቸውም ሰው አይሰማም ነበር" አሉ። "አውቃለሁ" አለች።

እሑድ፣ ሐምሌ 30

ዛሬ ቅበላ ነው። ነገ ጾም ይገባል። ከየቤቱ የወጥ ሽታ ይወጣል፤ እኛ ቤት ማንም ምንም አላበሰለም።

ከቅዳሴ በኋላ አብረን ሄድን። የእማሆይ ጎጆ ጠባብ ነው፤ እኔ በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። የሽመቤት ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። የእኔን ስም አላነሳችም። "ሳናውቅ አደረግነው" ነው ያለችው። እኔ ከበሩ ላይ፣ "እኔ ነኝ እማሆይ፤ እሷ ይጁቤ ነበረች" አልኩ።

እማሆይ ጠርሙሱን ከአልጋቸው ሥር አወጡ። ግማሽ ነው።

"ምን ያበራዋል ብዬ ነበር" አሉ። ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት። "ጾሙ ስላልገባ እኔ አልቀመስኩትም። ግን ለሁለት እህቶች አካፍያለሁ። በየማሰሯቸው ገልብጠውታል።"

"ሌላ ንጹሕ ላምጣልዎ፤ ለሳቸውም" አለች የሽመቤት።

"ዘይት ለመስጠት አይደለም የመጣሽው። ለመናገር ነው የመጣሽው፤ ተናግረሻል።" ጠርሙሱን አስቀምጠው፣ "እኔ ብቻ ብሆን ወረቀቱን ልጬ እጥለው ነበር። ለሌላ ሰው ድስት ግን እኔ አልፈርድም። የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ። ገጠር ወርደዋል፤ ረቡዕ ይመለሳሉ። ሐሙስ ከቅዳሴ መልስ ነይ" አሉ።

"እስከዚያ ሰው ቢጠይቅዎትስ?" አለች። ይህን መጠየቋ ድፍረት ነው።

"የጠየቀኝን፣ ሐሙስ እነግርሃለሁ እለዋለሁ።"

ስንወጣ እኔን ወደ ኋላ አስቀሩኝ። "አንተ፣ የአለማየሁ ልጅ" አሉ። "ጽሕፈትህ ጥሩ ነው። በመኪና ነው?" አዎ አልኩ። "ታዲያ ሲሰለች ነው የሚሳሳተው ሰው፤ ወይስ ሲኮራ?" ብለው በሩን ዘጉት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 1

ጾም ገባ። ሐጂ ሱቅ ጠዋት ሦስት ሴቶች መጥተው እንደነበር ሰማሁ። ሁለቱ ገዙ። አንዷ ወረቀቱን አንብባ፣ "እማሆይ የዚችን ወስደው ነበር አይደል?" ብላ ጠይቃ፣ ሳትገዛ ወጥታለች። ምን እንደሰማች አይታወቅም። ምናልባት ምንም አልሰማችም።

የሽመቤት ቀሪውን ኑግ አልቆላችም። "ሐሙስ ይለፍ" ትላለች። ሙቀጫው ተደፍቷል። እኔ ፍርድ ቤቱ በረንዳ ሄጄ ተመለስኩ፤ የሰው ማመልከቻ ላይ የእህቴን ስም ልጽፍ ስል ራሴን ያዝኩ።

ቅዳሜ ለሙከራ ሰም አሽቼ ከፍሳሹ ሥር ያቆምኩት ባዶ ጠርሙስ እዚያው ነው። ዛሬም አየሁት። ሰሙ ላይ ውሃው ክብ ክብ ሆኖ ይንከባለላል። በእርሳስ ጫፍ ጠርዙን ልነቅል ሞከርኩ፤ አልተነሳም። ስሟ ከሩቅ ይነበባል። አሁን ማንም ሊያጠፋው አይችልም፤ መልካም ቢባልም ክፉ ቢባልም።

የንስሐ አባታቸውን መልስ ለመስማት እማሆይ ዘንድ የምንሄደው ሐሙስ ነሐሴ 4፣ ከቅዳሴ መልስ ነው።